የኪካድ 5 ፕሮጀክቶቼን ሳላበላሽ ወደ አዲሱ እንዴት ልሻገር? ከየትስ ላውርደው?

ባለሁለትሌየር ጠየቀች፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰርኪዩት ቦርድ የምሰራው በኪካድ 5.1፣ በነጻው የቦርድ መንደፊያ ሶፍትዌር ነው። እስካሁን ምንም አልጎደለብኝም። ስኬማቲኩን (የግንኙነት ንድፉን) እስላለሁ፣ ቦርዱን እዘረጋለሁ፣ ገርበር፣ ማለትም ፋብሪካው ቦርዱን የሚሰራበትን ፋይል፣ አውጥቼ እልካለሁ፣ አለቀ። አፕዴት የሚባል ነገር ትዝ ብሎኝም አያውቅ።

ሰሞኑን ግን አብሮኝ የሚሰራ ልጅ የሙቀት መመዝገቢያ ቦርድ ፋይል ላከልኝ። ኢኤስፒ32 የሚባል ቺፕ ያለበት ነው። የኃይል ክፍሉን እኔ እንድጨርሰው ተስማምተናል። ልከፍተው ስል ኪካድ እምቢ አለ። ፋይሉ ካለሽ ቨርዥን በአዲስ የተሰራ ነው፣ መጀመሪያ አሳድጊ ይላል። ልጁን "በድሮው አድርገህ ሴቭ አድርግልኝ" ብለው "እንደዚህ የሚል ምርጫ የለውም" አለኝ። እውነቱን ነው ወይስ ሰንፎ?

እሺ ላሳድግ ብዬ ስፈልግ ደግሞ የሚመጣው ገጽ ብዛቱ! አንዱ "ሙሉ ቨርዥን ከነቁልፉ" ይላል። ነጻ ነው ለተባለ ሶፍትዌር የምን ቁልፍ? ሌላው ኢሜይሌን ካልሰጠሁ አያሳልፈኝም። ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት የድሮ አድራሻም የማላውቀው ቦታ ይወስደኛል።

ላፕቶፔ ዊንዶውስ 10 ነው፣ ዕድሜው ገፍቷል። ዲስኩ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ኢንተርኔቴ ደግሞ ትልቅ ፋይል ሳወርድ መሃል ላይ ይቋረጣል። ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ግን የድሮ ፕሮጀክቶቼ ናቸው። እስካሁን እየደጋገምኩ የማሰራቸው ቦርዶች አሉ። አዲሱን ስጭን እነሱ ቢበላሹብኝ ጉድ ፈላ። እንዴት ልሻገር?


ፈጣኑ መለሰ፦

ኧረ አታካብጂው። የድሮውን አጥፊ፣ አዲሱን ጫኚ፣ ፕሮጀክትሽን ክፈቺ። ራሱ ይቀይርልሻል። እኔ ሁሌም እንደዛ ነው የማደርገው፣ ምንም ሆኖብኝ አያውቅም።


ጋሽ ብየዳ መለሱ፦

ፈጣኑ፣ ያንተ መንገድ አንድ ቦርድ ሰርቶ ለሚተው ሰው ይሆናል። እሷ እየደጋገመች የምታሰራው ቦርድ አላት። ስለዚህ እህቴ፣ 5.1ን እንዳትነኪው። ባለበት ይቀመጥ።

ልጁን አትቆጪው፣ እውነቱን ነው። ኪካድ ወደፊት እንጂ ወደኋላ አይሄድም። አዲሱ የድሮውን ፋይል ይከፍታል፣ የድሮው ግን የአዲሱን አይከፍትም። "ለቨርዥን 5 አስቀምጥ" የሚል ነገር የትኛውም ሜኑ ውስጥ የለም። ስለዚህ አብረው የሚሰሩ ሰዎች ስራ ከመጀመራቸው በፊት በየትኛው ዋና ቨርዥን እንደሚሰሩ ቢነጋገሩ ይሻላል። ብዙ ጊዜ ግን ጉዳዩ የሚነሳው ፋይል አልከፈት ሲል ነው።

አሁን ወደ ማውረዱ። አድራሻው ኪካድ ዶት ኦርግ ነው፣ ሰረዝ የለውም። ማስታወሻሽ ላይ ያለው ኪካድ ሰረዝ ፒሲቢ ዶት ኦርግ ከሆነ ሰርዢው። እሱ የቀድሞው አድራሻ ነው። በኦክቶበር 2021 እ.ኤ.አ. ከፕሮጀክቱ እጅ ወጥቶ ለሌላ ወገን ተሽጧል። የኪካድ ሰዎች ያኔውኑ ተጠንቀቁ ብለው አሳውቀዋል። ሊንኩ ግን በየድሮው ቪዲዮ ስርና በየማስተማሪያው ውስጥ ተለጥፎ ቀርቷል። ለዚህ ነው አሁንም ሰው የሚሳሳተው።

ቁልፍ፣ ክራክ፣ ሲሪያል የሚል ገጽ ስታዪ ዝጊው። ኪካድ የሚወጣው በጂፒኤል፣ በነጻ ሶፍትዌር ፈቃድ ነው። ቁልፍ የለውም። አካውንት የለውም። ኢሜይል አይጠይቅም። ከወር በኋላ ጊዜህ አልቋል ብሎ አይዘጋም። ልገሳ ሊጠይቅሽ ይችላል፣ መስጠት ግን በፈቃድሽ ነው። ባትሰጪም ማውረዱ ይቀጥላል።

ነጻ ከሆነ ማን ይሰራዋል ብለሽ እንዳትጠራጠሪ፣ ታሪኩ ረጅም ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. ዣን-ፒየር ሻራ የሚባል ፈረንሳዊ፣ ግረኖብል ውስጥ የሚያስተምር ሰው ጀመረው። ኋላ ላይ ሰርን፣ ያ የፊዚክስ ምርምር ማዕከል፣ ገንዘብም ፕሮግራመርም መደበለት። ትሬስ (የመዳብ መስመር) ስትጎትቺ ሌሎቹን እየገፋ መንገድ የሚያስለቅቀው መስመር መዘርጊያ (ራውተር) የመጣው ከዚያ ነው። በ2019 ደግሞ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ጥላ ስር ገባ። መንገድ ዳር የተጣለ ፕሮግራም አይደለም።

ገጹ ላይ ዊንዶውስን ስትመርጪ ሁለት ሶስት የማውረጃ ምንጭ ያሳይሻል። አንዱ ቢንቀረፈፍ ሌላውን ሞክሪ። "ስቴብል" የሚለውን ብቻ ውሰጂ። "ናይትሊ" የሚባል አለ፣ ገና በስራ ላይ ያለው ነው። ቁጥሩ በ99 ያልቃል፣ ለምሳሌ 9.99። በእሱ ሴቭ ያደረግሽውን ፋይል ስቴብሉ አይከፍትልሽም። ለማየት ያህል ካልሆነ የሚሸጥ ስራ በእሱ አትስሪ።

ፋይሉ ከአንድ ጊጋባይት በላይ ነው። መሃል ላይ ለሚቋረጥ ኢንተርኔት በብሮውዘሩ አታውርጂ። ካቆመበት የሚቀጥል የማውረጃ ፕሮግራም ተጠቀሚ። ወርዶ ሲያልቅ ከመጫንሽ በፊት ፋይሉን ራይት ክሊክ አድርገሽ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ዲጂታል ሲግኒቸር የሚለውን እይ። ኪካድ ሰርቪስስ ኮርፖሬሽን የሚል ፊርማ ካለ ጥሩ። ፊርማ ከሌለው ወይም ፊርማው ትክክል አይደለም ካለ አጥፊውና እንደገና አውርጂ። ተቆራርጦ የወረደም ሰው የነካካውም እዚህ ላይ ይያዛል።

ለዲስክሽ ደግሞ፦ ትልቁን ቦታ የሚበላው ፕሮግራሙ አይደለም፣ የ3ዲ ሞዴሎቹ ናቸው። የሬዚስተርና የኮኔክተር ምስል ማለት ነው። ስትጭኚ ምን ምን ልጫን የሚል ዝርዝር ይመጣል። ከ3ዲ ሞዴሎቹ ላይ ምልክቱን አንሺ። ቦርድሽ ምንም አይጎድልበትም። ገርበሩም ያው ነው። የሚቀርብሽ በ3ዲ ስታዪው ቺፖቹ ተቀምጠው አለመታየታቸው ብቻ ነው። ሲምቦል (ስኬማቲክ ላይ የሚሳለው የዕቃው ምልክት) እና ፉትፕሪንት (ቦርዱ ላይ የዕቃው መቀመጫ) የሚሉትን ግን እንዳትነኪ።

አዲሱ 9 ሲጫን የራሱን ፎልደር ይሰራል፣ 5.1ን አይደመስስም። ሁለቱ ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንድ ነገር ብቻ አስታውሺ። ፋይሉን ደብል ክሊክ ስታደርጊ የሚከፈተው ኋላ በተጫነው ነው። ስለዚህ የድሮ ፕሮጀክት ስትፈልጊ መጀመሪያ 5.1ን ራሱን አስነሺ፣ ከውስጡ ክፈቺ። አጉል ደብል ክሊክ ነው ሰውን የሚያስቸግረው።

ምክንያቱም ዋናው አደጋ ያለው እዚህ ነው። በ5.1 ስኬማቲኩ የሚቀመጠው "ዶት ኤስሲኤች" በሚል ስም ነው። ከ6 ጀምሮ ቅርጹ ተቀይሮ "ዶት ኪካድ ኤስሲኤች" ሆኗል። አዲሱ ሴቭ ሲያደርግ አዲስ ፋይል ይፈጥራል፣ የድሮው እዚያው ይቀራል። ጥሩ። የቦርዱ ፋይል ግን በ5ም በ9ም ስሙ አንድ ነው፣ "ዶት ኪካድ ፒሲቢ"። አዲሱ ሴቭ ሲያደርግ የድሮውን ይጽፍበታል። ከዚያ በኋላ ስኬማቲክሽ በ5.1 ይከፈታል፣ ቦርድሽ አይከፈትም። ግማሽ ፕሮጀክት ይዘሽ ትቀሪያለሽ።

ፋይሉ በየትኛው እንደተሰራ ሳትከፍቺ ማወቅም ትችያለሽ። የቦርዱን ፋይል በኖትፓድ ክፈቺው። ተራ ጽሁፍ ነው። መጀመሪያው አካባቢ ቨርዥን የሚል ቃል አለ፣ ከጎኑ ቀን የሚመስል ቁጥር። 20171130 ካለ የ5 ነው። 20211014 የ6፣ 20221018 የ7፣ 20240108 የ8፣ 20241229 የ9። ልጁ የላከልሽን እይው፣ ከዚያ የትኛውን እንደምታወርጂ ታውቂያለሽ።


ከኢግል የመጣው መለሰ፦

ስለ ነጻነቱ አንድ ነገር ልጨምር። እኔ ኢግል በሚባል ሌላ የቦርድ መንደፊያ ላይ ነበርኩ። ነጻው ኢግል ሁለት ሌየር (የመዳብ ንብርብር) እና 80 ካሬ ሴንቲሜትር ቦርድ ብቻ ነበር የሚፈቅደው። ትንሽ ሰፋ ያለ ቦርድ ስትሰሩ ክፈሉ ይላል። ኋላ ባለቤቱ ኦቶዴስክ በ2023 ኢግልን ለብቻው መሸጥና መደገፍ በጁን 2026 እንደሚያቆም አስታወቀ። ያኔ ነው ጓዜን ጠቅልዬ ኪካድ የገባሁት። ኪካድ የቦርድ ስፋት አይገድብም። እስከ 32 የመዳብ ሌየር ይሄዳል። ሰላሳ ሁለት ሌየር የሚያሰራ ሰው መቼም የሶፍትዌር ዋጋ አያሳስበውም፣ ግን ይኑር።

የኢግል ፋይሎቼንም ራሱ አስገብቶልኛል። ጽሁፎቹ ትንሽ ተዘበራረቁ፣ እሱን በእጅ አስተካከልኩ። ትሬሶቹ በየቦታቸው ነበሩ።


ፔንግዊን መለሰ፦

ሊኑክስ ላይ ላላችሁ ደግሞ። ጥያቄው የዊንዶውስ መሆኑ ገብቶኛል፣ ግን በኋላ የሚያነበው ይኖራል።

ከዲስትሮው (ከምትጠቀሙት የሊኑክስ ዓይነት) ማከማቻ በቀጥታ ከጫናችሁ የሚመጣላችሁ የቆየው ነው። ኡቡንቱ 22.04 ውስጥ ያለው 6 ነው። 24.04 ውስጥ 7 ነው። ዴቢያን 12ም 6 ነው። ያረጀ ነው ብላችሁ ኪካድን አትውቀሱ፣ ዲስትሮው የሚይዘው በወጣበት ጊዜ የነበረውን ነው። አዲሱን የፈለገ ኡቡንቱ ላይ የኪካድን ፒፒኤ (ተጨማሪ የፕሮግራም ምንጭ) ይጨምር። ለእያንዳንዱ ዋና ቨርዥን የራሱ ፒፒኤ አለው፣ የ9ን ስትጨምሩ የ9 ብቻ ነው የሚመጣው። ይሄ ጥሩ ነው። ሳታስቡት ወደሚቀጥለው ዋና ቨርዥን አይወስዳችሁም። አለዚያ ፍላትፓክ የሚባል ሌላ የመጫኛ መንገድ አለ።

ዊንዶውስ ላይ እንዳለው ሁለት ቨርዥን ጎን ለጎን ማድረግ ግን እዚህ አይመችም። አዲሱ የድሮውን ይተካዋል። የ3ዲ ሞዴሎቹ ለብቻቸው ፓኬጅ ስለሆኑ ዲስክ የጠበበው ሳይጭናቸው መተው ይችላል።


ባለሁለትሌየር መለሰች፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁላችሁም ተባረኩ።

የልጁን ፋይል በኖትፓድ አየሁት፣ 20241229 ይላል። ስለዚህ 9ን አወረድኩ። ሁለት ጊዜ ተቋርጦ ነበር፣ ማውረጃው ካቆመበት ቀጠለልኝ። ፊርማውም አለ። የ3ዲውን ምልክት አንስቼ ጫንኩት። የልጁ ቦርድ ተከፈተ። ስራዬን መቀጠል እችላለሁ።

አሁን ግን አንድ ሁለት ነገር ግራ ገባኝ። መጀመሪያ ሳስነሳው ሴቲንግ ከድሮው ልውሰድ ወይስ ከባዶ ልጀምር ብሎ ጠየቀኝ። ከባዶ አልኩት፣ ልክ ነኝ? ሁለተኛ፣ ከድሮ ፕሮጀክቶቼ የአንዱን ስኬማቲክና ቦርድ ብቻ ወደ ሌላ ፎልደር ኮፒ አድርጌ በ9 ከፈትኩት። ስኬማቲኩ ላይ ግማሹ ሲምቦል ጠፍቶ ሳጥንና የጥያቄ ምልክት ሆነብኝ! ዋናው ቦታው ስላለ አልደነገጥኩም፣ ግን ለምን? ሶስተኛ፣ ላፕቶፔ ላይ ቦርዱን ሳንቀሳቅሰው ይንቀጠቀጣል፣ አንዳንዴ ይጠቁራል።


ፈጣኑ መለሰ፦

ሲምቦሎቹን ከአዲሱ ላይብረሪ እንደገና አስቀምጫቸው። ያው ናቸው።


ጋሽ ብየዳ መለሱ፦

ፈጣኑ፣ ያው አይደሉም። ከ5 ወዲህ ላይብረሪው ተቀያይሯል። ስማቸው የተለወጠ አለ፣ ፒናቸው ቦታ የቀየረ አለ። እንደገና ስታስቀምጫቸው ሽቦዎቹ ከፒኖቹ ይለያያሉ፣ ከዚያ ቁጭ ብለሽ ስትገጣጥሚ ትውያለሽ።

የሆነው ይሄ ነው። በ5 ጊዜ ሲምቦሉ ስኬማቲኩ ውስጥ አልነበረም። ስኬማቲኩ "ይሄን ሲምቦል ከዚያ ላይብረሪ አምጣ" ነው የሚለው። መጠባበቂያው ደግሞ ፕሮጀክቱ ፎልደር ውስጥ ያለች፣ ስሟ በ"ካሽ ዶት ሊብ" የሚያልቅ ፋይል ናት። የተጠቀምሽባቸው ሲምቦሎች ሁሉ ቅጂ እሷ ውስጥ ነው ያለው። አንቺ ስኬማቲኩንና ቦርዱን ብቻ ኮፒ ስላደረግሽ እሷ ቀረች። ፎልደሩን እንዳለ፣ አንዲት ፋይል ሳትመርጪ ኮፒ አድርጊና እንደገና በ9 ክፈቺ። የፕሮጀክቱን ፋይል ነው የምትከፍቺው፣ ቦርዱን ለብቻው አይደለም። ሲምቦል ልታደግ ወይ የሚል መስኮት ቢመጣ እሺ በይው። ከዚያ ሴቭ። ከ6 ወዲህ ሲምቦሎቹ ስኬማቲኩ ውስጥ ራሱ ስለሚቀመጡ ይሄ ችግር ሁለተኛ አይመጣም።

ፎልደር ሲጠራ ብዙ ሰው የማይፈልገው ፋይል እየመሰለው ያቺን ካሽ ያጠፋታል። ስሟ ነው ያስጠላት። ሌላ ፕሮግራም ላይ ካሽ ማለት ቢጠፋም ግድ የሌለው ነው። እዚህ ግን ከስኬማቲኩ እኩል ያዣት።

ከባዶ መጀመርሽ ልክ ነው። በ5 እና በ9 መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ነው፣ የድሮ ሴቲንግ ይዞ መግባት የድሮ የላይብረሪ መንገድም ይዞ መግባት ነው። ከ8 ወደ 9 ቢሆን ኖሮ ውሰጂው እልሽ ነበር።

መንቀጥቀጡ የግራፊክስ ካርዱ ጉዳይ ነው። ኪካድ ቦርዱን የሚስለው በኦፕንጂኤል፣ በግራፊክስ ካርዱ በሚሰራ የመሳያ ዘዴ ነው። መጀመሪያ የግራፊክስ ድራይቨርሽን አፕዴት አድርጊ። አልሆነም ካለ ፕሪፈረንስ ውስጥ አክሰለሬትድ ከሚለው ወደ ፎልባክ ቀይሪው። ይንቀራፈፋል፣ ግን አይጠቁርም። በአሮጌ ላፕቶፕ ትንሽ ቦርድ ለመስራት ይበቃል።

ቀጣዩ ጉዳይ የምትፈሪው ነው። የድሮ ቦርድ በ9 ሲከፈት ቶሎ ገርበር ማውጣት አይገባም። መጀመሪያ ሁለት ነገር ይታያል፣ ተራ በተራ ልንገርሽ።

የመጀመሪያው የግራውንድ ሙሌቱ ነው። መዳቡን የሚሞላው ስሌት ከ5 ወዲህ ተቀይሯል። ቢ የሚለውን ቁልፍ ተጭነሽ ዞኖቹን እንደገና ሙያቸው፣ ከዚያ ከድሮው ጋር አስተያዪው። ያለሽ ገርበር በድሮው የወጣ ነው። ኪካድ ውስጥ ገርበር ማያ አለ። የድሮውንና የአዲሱን የአንድ ሌየር ገርበር እዚያ ላይ ደራርበሽ ክፈቺ። ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ብዙውን ጊዜ ማዕዘን ላይ ትንሽ ነው፣ ምንም ማለት አይደለም። በሁለት ፓድ (ዕቃው የሚበየድበት መዳብ) መካከል አልፎ ከላይና ከታች ያለውን ግራውንድ ያገናኝ የነበረ ቀጭን መዳብ ከጠፋ ግን እሱ ትልቅ ነገር ነው። በዓይንሽ ፈልጊው።

ሁለተኛው ዲአርሲ ነው፣ ቦርዱ የንድፍ ሕጎቹን መጠበቁን የሚፈትሸው። በ5 ንጹህ የነበረ ቦርድ በ9 ማስጠንቀቂያ ይዘንብበታል። አይግረምሽ፣ አዲሱ ብዙ ነገር ያያል። ሲልክስክሪን (ቦርዱ ላይ በቀለም የሚታተመው ጽሁፍ) ፓድ ላይ ወጥቷል ይላል። ፉትፕሪንቱ ላይብረሪው ውስጥ ካለው ጋር አይመሳሰልም ይላል። ይሄ ሁለተኛው በብዛት ይመጣል፣ ምክንያቱም ላይብረሪው ባለፉት ዓመታት ታርሟል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ማስጠንቀቂያውን ለማጥፋት ብሎ ሁሉንም ፉትፕሪንት ከላይብረሪው አድስ ይለዋል። ተሰርቶ የሚሰራ ቦርድ ላይ ይሄን አታድርጊ። የፓዱ ስፋት ይለወጣል፣ ጽሁፉ ቦታ ይቀይራል፣ ትሬሱ ከፓዱ መሃል ይወጣል። እየሸጥሽው ያለ ቦርድ ላይብረሪው አሁን ምን ይላል ብለሽ አትጠይቂው። ማስጠንቀቂያውን አንብቢ፣ ይለፍ በይው።

እንደኔ ከሆነ ግን የሚሰሩትን ቦርዶች ጭራሽ አትቀይሪያቸው። አንድ ቦርድ ሳይለወጥ የሚታዘዝ ከሆነ የሚያስፈልግሽ ገርበሩና የድሪል ፋይሉ ብቻ ነው። እነሱን ዚፕ አድርገሽ ከነቀኑ አስቀምጪ። ኪካድ 20 ቢመጣ ገርበር ገርበር ነው። ወደ 9 የምታሻግሪው ንድፉ ራሱ ሲለወጥ ብቻ ይሁን። ለውጡ ከመጣ አይቀር ማረጋገጡም አብሮ ይሰራል።


ሰርኩት ሰባሪ መለሰ፦

ጋሼ ባሉት ላይ፣ ትንሹንና ትልቁን አፕዴት መለየት ያስፈልጋል። እኔ ጋ የሚመጡ ተማሪዎች ሁለቱን ያምታታሉ። ወይ ሁሉንም ይፈራሉ ወይ ሁሉንም ይጭናሉ።

ከ9.0.1 ወደ 9.0.2 የሚለው የስህተት እርማት ነው። የፋይል ቅርጹ አይለወጥም። ጓደኛህ 9.0.1 ላይ ቢሆን አንተ 9.0.2 ላይ ብትሆን ፋይል ትለዋወጣላችሁ። ስለዚህ ይሄን ያለ ሀሳብ ጫኑ። ከ8 ወደ 9 ግን ቅርጹ ይለወጣል፣ መመለሻ የለውም። ያንን ፕሮጀክት ጨርሳችሁ ሌላ ከመጀመራችሁ በፊት አድርጉት። መሃል ላይ አታድርጉት።

ሰሞኑን ትልቁ የሚወጣው በዓመት አንዴ ነው። 7 በፌብሩዋሪ 2023 ወጣ፣ 8 በፌብሩዋሪ 2024፣ 9 በፌብሩዋሪ 2025። ከዚያ በፊት ይዘገይ ነበር። 5 በጁላይ 2018 ነው የወጣው፣ 6 ደግሞ በዲሴምበር 2021። በመካከሉ ስንት ጊዜ እንደጠበቅን የምናውቅ እናውቃለን። እኔ አዲሱ እንደወጣ አልዘልበትም። የመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት እርማቶች እስኪወጡ እታገሳለሁ። የሚቸኩሉት ይፈትኑልኝ።


ባለሁለትሌየር መለሰች፦

ፎልደሩን እንዳለ ኮፒ አደረግኩት፣ ሲምቦሎቹ ሁሉ ተመለሱ። ካሿ እዚያው ነበረች። ድራይቨሩንም አፕዴት አድርጌ መጠቆሩ ቆመ፣ ፎልባክ አላስፈለገኝም።

ገርበሮቹን ደራርቤ አየሁ። ጋሼ እንዳሉት ማዕዘኖቹ ላይ ትንሽ ነገር ነው። ዲአርሲው ግን ካወጣው መዓት ውስጥ አንድ እውነተኛ ነገር ነበረበት። የባትሪ ኮኔክተሩ አጠገብ ያለው የፕላስ ምልክት ግማሹ ፓዱ ላይ ወጥቷል። ፋብሪካው ፓድ ላይ የወጣ ቀለም ስለሚቆርጠው ቦርዱ ላይ ፕላሱ ማይነስ መስሎ ነው የሚታተመው! አሁን ቦርዱን አንስቼ አየሁት፣ ልክ እንደዛ ነው። 5.1 ምንም ብሎኝ አያውቅም። ስለዚህ ይሄኛው ቦርድ ይሻገራል፣ የቀሩት ባሉበት ይቀራሉ።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። አፕዴት ሲወጣ ራሱ ይነግረኛል ወይስ እየሄድኩ ማየት አለብኝ?


ጋሽ ብየዳ መለሱ፦

ያ ፕላስ ብቻውን ድካምሽን ከፍሎሻል።

ዊንዶውስ ላይ አዲስ ሲወጣ ይነግርሻል፣ ስታስነሺው ማሳወቂያ ይመጣል። ግን መንገር ብቻ ነው፣ ራሱ አይጭንም። ትንሿ እርማትም ብትሆን ሙሉውን ጊጋባይት እንደገና ማውረድ ነው። ላንቺ ኢንተርኔት ሁሉንም ማሳደድ አያዋጣም። ገጹ ላይ ምን እንደታረመ ይጽፋሉ። አንብቢው። አንቺን የነካሽ ችግር ካለበት አውርጂ፣ ከሌለ ቀጣዩን ጠብቂ። ስትጭኚ ደግሞ የ3ዲውን ምልክት እንደገና ማንሳት እንዳትረሺ፣ ዲስክሽን ይሞላዋል።

ፕለጊን የምትጨምሪ ከሆነ እነሱ ለብቻቸው ናቸው። ኪካድ ውስጥ ራሱ የፕለጊን ማስተዳደሪያ አለ፣ ከዚያ ይታደሳሉ፣ ትናንሽ ናቸው። ዋና ቨርዥን ስትቀይሪ አንዳንዱ ፕለጊን ላይነሳ ይችላል። ገርበር ወይም የዕቃ ዝርዝር የሚያወጣልሽ ፕለጊን ካለሽ፣ ሳይፈተን የትዕዛዝ ቀን ላይ አዲስ ቨርዥን አትጫኚ።

እና ልጁን ስንተኛው 9 ላይ እንዳለ ጠይቂው። ናይትሊ ላይ ከሆነ አሁኑኑ ወደ ስቴብሉ ይመለስ፣ አለዚያ የሚቀጥለው ፋይሉ ደግሞ አልከፈት ይልሻል።